እስር ቤት ያለበት ሰፈር ድሮን ከማስነሳታችሁ በፊት፦ ከሀ እስከ ፐ

አሜሪካ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃት፣ የሚሸጥ ቤት ምናምን በድሮን ከሚቀርጹ ልጆች ጋር ባወራሁ ቁጥር ሁሌ ሚመጣ አንድ ወሬ አለ፦ «ባክህ የተከለከለ ቦታ ከሆነ ድሮኑ ራሱ አይነሳም»። ይሄ ድሮ እውነት ነበር። ድሮን አምራቹ ዲጄአይ ኤርፖርቱንም እስር ቤቱንም ካርታው ላይ አጥሮ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርግ ነበር። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን አሜሪካ ውስጥ ያንን አጥር አንስቶታል፣ አሁን ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ እናንተ እሺ ብላችሁ ትነካላችሁ፣ ድሮኑም ቀጥ ብሎ ይነሳል። ስለዚ አሁን ጣጣው ሙሉ በሙሉ የሪሞቱን ባለቤት ነው ሚመለከተው።

እስር ቤት ላይ ለምን እንደዚህ አከረሩ ለምትሉ፣ የሆኑ ነገሮች አሉ። በጁላይ 2015 ኦሃዮ ማንስፊልድ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ድሮን ትምባሆ፣ ማሪዋናና 6.6 ግራም ሄሮይን ያለበት ጥቅል ጥሎ ወደ 75 እስረኛ ተደባደበበት። በ2017 ደሞ ሳውዝ ካሮላይና ሊበር ከሚባለው እስር ቤት አንድ እስረኛ በድሮን ገባለት በተባለ የሽቦ መቁረጫ አጥሩን ቆርጦ አመለጠ፣ በኋላ ቴክሳስ ላይ ነው የተያዘው። በማርች 2024 የጆርጂያ ገዢ ይፋ ባደረጉት ዘመቻ 150 ሰው ታሰረ፣ ከነሱ ውስጥ 8ቱ የማረሚያ ቤቱ የራሱ ሰራተኞች ነበሩ፣ 87 ድሮንና 273 ስልክ ተይዟል። እንግዲህ እዛ ማማ ላይ የቆመ ጠባቂ የናንተን ድሮን ሲያይ ሙሽራ ልትቀርጹ መምጣታችሁን ከየት ያውቃል?

ወደ ስራው እንግባ።

1ኛ፦ ለጨዋታ ነው ወይስ ለስራ? መጀመሪያ ይሄን ለዩ

ብዙ ሰው «የኔ ድሮን ከ250 ግራም በታች ነው፣ ምንም አይመለከተኝም» ይላል። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ከ250 ግራም በታች ያለውን ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መስሪያ ቤት) ጋ ማስመዝገብ አይጠበቅባችሁም፣ ትረስት የሚባለውን ነጻ የኦንላይን ፈተና ወስዳችሁ ሰርተፍኬቱን መያዝ ግን አለባችሁ። ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ ወይ ደሞ ቪዲዮውን ለቢዝነሳችሁ ማስታወቂያ ምትጠቀሙበት ከሆነ፣ በቃ ፓርት 107 የሚባለው ለስራ የሚበር ድሮን ደንብ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። እዛ ውስጥ ክብደት ምናምን የለም፣ እያንዳንዱ ድሮን በ5 ዶላር ለ3 ዓመት ይመዘገባል፣ ሪሞት አይዲ የሚባለውን መለያ ሲግናል ያስተላልፋል፣ እናንተም 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና ማለፍ አለባችሁ። የዘመድ ሰርግ ነው ብላችሁ በነጻ ሰርታችሁ ቪዲዮውን ገጻችሁ ላይ ለስራ ማሳያ ከለጠፋችሁትም እዛው ናችሁ።

ይሄ ከእስር ቤት ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። ሪሞት አይዲ ድሮኑ የት እንዳለ ብቻ አይደለም ሚናገረው፣ ሪሞቱን ይዞ የቆመው ሰውዬ የት እንዳለም ይናገራል። መቀበያ መሳሪያ ያለው እስር ቤት ድሮኑን ትቶ ቀጥታ እናንተ ወዳላችሁበት ፓርኪንግ መኪና ይልካል። በስራ ላይ ሆናችሁ ያለ ምዝገባና ያለ ሪሞት አይዲ ከተገኛችሁ ደሞ ተሳስቼ ነው ስትሉ ማን ይሰማችኋል።

2ኛ፦ አካባቢው ላይ ምን አይነት እስር ቤት እንዳለ እወቁ

እስር ቤት ሲባል ሁሉም በረሃ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ነገር ይመስለዋል። የከተማው እስር ቤት ግን ሲያዩት መጋዘን ወይም ቢሮ ነው ሚመስለው፣ ሳታስተውሉ ታልፉታላችሁ። አራት አይነት አድርጋችሁ ያዙት፦ የፌዴራል፣ የስቴት፣ የካውንቲ ጄይል፣ እና የኢሚግሬሽን ማቆያ።

የኛ ሰው በብዛት ሚኖርበትን ብቻ ብንወስድ፣ አትላንታ ክላርክስተንና ዲኬተር ያላችሁ፣ የዴካልብ ካውንቲ ጄይል እዛው መሞሪያል ድራይቭ ላይ ነው፣ ገበያ ስትሄዱ በአጠገቡ ነው ምታልፉት። ሲያትል ታክዊላና ሲታክ ያላችሁ ኤርፖርቱ አጠገብ የፌዴራል ማቆያ አለ፣ እዛ እንደውም የኤርፖርቱ የአየር ክልል ቀድሞ ይከለክላችኋል። ኦሮራ ኮሎራዶ ከተማው ውስጥ የኢሚግሬሽን ማቆያ አለ። ሌላው ሰው ማያስበው ነገር፣ ብዙ ቦታ የካውንቲ ጄይል ከፍርድ ቤቱ ጎን ነው። ፍርድ ቤት ተፈራርመው ሲወጡ ደረጃው ላይ «ከላይ አንድ ሾት ውሰድልን» ሚሏችሁ ሙሽሮች ያሉበት ቦታ ማለት ነው።

ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ፣ የናንተ ችግር እስር ቤት አይደለም። ከሬገን ኤርፖርት ወደ 15 ማይል ዙሪያ ያለው በሙሉ ከኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ውጪ ለድሮን ዝግ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ደንቡን ጠብቃችሁ ማብረር ትችላላችሁ፣ ስለዚ ቀጣዮቹን ደረጃዎች ለዛ አቆዩት።

3ኛ፦ ሁለት ካርታ እዩ፣ አንዱ አይበቃም

የመጀመሪያው ቢፎርዩፍላይ ነው፣ ኤፍኤኤ የፈቀደላቸው ድርጅቶች በአፕም በድረ ገጽም ያቀርቡታል። አድራሻውን ታስገባላችሁ፣ ኤርፖርት፣ ጊዜያዊ እገዳ፣ ሌላም ሌላም ይነግራችኋል። ለፈጣን ማጣሪያ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ዩዲዲኤስ የሚባለው የኤፍኤኤ የራሱ የዳታ ካርታ ነው። ዋናው እሱ ነው። እዛ ላይ ለብሄራዊ ደህንነት ተብለው የታጠሩ ቦታዎች ቅርጻቸው ተስሎ ይታያል፣ ቅርጹን ስትነኩት ሳጥን ይከፈትና የቦታውን ስም፣ እገዳው ከመሬት እስከ ስንት ጫማ እንደሆነ ምናምን ያወጣል። የፌዴራል እስር ቤቶች እዚህ ውስጥ የገቡት ከ2018 ጀምሮ ነው፣ መጀመሪያ 19 ትላልቅ እስር ቤቶች ነበሩ፣ ቨርጂኒያ ያለው ሊ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሄዝልተን፣ ኮሎራዶ ያለው ፍሎረንስ ከነሱ ውስጥ ናቸው። እገዳው ከመሬት እስከ 400 ጫማ፣ 24 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ነው። ለመዝናኛም ለስራም ልዩነት የለውም። እያወቀ የጣሰ ሰው እስከ 1 ዓመት እስር ሊያስቀጣው ይችላል፣ ኤፍኤኤ ደሞ በራሱ መንገድ በአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር መቅጣት ይችላል።

ታዲያ ብዙ ሰው ሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ካርታው ላይ ቀይ ነገር ካላየ «ክፍት ነው» ብሎ ያነሳል። ካርታው ሚያሳየው የፌዴራል እገዳን ነው፣ የስቴት እስር ቤትና የካውንቲ ጄይል አብዛኛውን ጊዜ እዛ ላይ የሉም። ኮንግረስ በ2016 ባወጣው ህግ ኤፍኤኤ ለእንደዚህ አይነት ቦታዎች እገዳ ሚጠየቅበት ስርዓት እንዲያዘጋጅ አዝዞ ነበር፣ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ፣ በጁን 2025 ፕሬዚዳንቱ እንደገና በትእዛዝ አስታወሱት። እስከዛ ስቴቶቹ ዝም ብለው አልጠበቁም፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን ህግ አወጡ።

4ኛ፦ የስቴታችሁን ህግ አንብቡ

እዚህ ላይ ወጥ ነገር የለም፣ ስቴት በስቴት ነው። ሳውዝ ካሮላይና ያለ ጽሁፍ ፈቃድ ከስቴቱ እስር ቤት በጎን 500 ጫማ፣ በከፍታ 250 ጫማ ውስጥ እንዳትገቡ ይላል። ካሊፎርኒያ እስር ቤት ወይም ጄይል ግቢ በላይ ሆነ ብሎ ያበረረ 500 ዶላር ይቀጣል። ዊስኮንሰን ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። ቴክሳስ ከ400 ጫማ በታች ማረሚያ ቤት ላይ ማብረር ወንጀል ነው፣ ዳላስ ያላችሁ ልጆች ልብ በሉ፣ የትራፊክ ቲኬት ከፍሎ እንደመገላገል አይደለም፣ ሪከርድ ላይ ሚገባ ነገር ነው። ግሪን ካርድ ወይ ዜግነት ፕሮሰስ ላይ ላለ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለመፈለግ ቀላሉ መንገድ የስቴቱን የህግ አውጪ ድረ ገጽ ከፍታችሁ «አንማንድ ኤርክራፍት» (unmanned aircraft) እና «ኮሬክሽናል ፋሲሊቲ» (correctional facility) ብላችሁ መፈለግ ነው፣ ህጉ ላይ ድሮን ሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የለም። አንዳንዱ ሰው «አየሩ የኤፍኤኤ ነው፣ ስቴት አያገባውም» ብሎ ይከራከራል። በፍርድ ቤት ሊያስኬድ ሚችል ክርክር ነው፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ እየጠበቋችሁ ከሸሪፍ ጋር ምትከራከሩት ክርክር አይደለም።

5ኛ፦ ርቀቱን ለኩ፣ ከዛ ድሮኑን ራሱን እሰሩት

እዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም አውቆ እስር ቤት ላይ ሚያበር ሰው ብዙም የለም፣ ድሮኑ በራሱ ነው ሚሄድባችሁ።

መጀመሪያ ልኬት። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ማፕስ ክፈቱ፣ ምትቆሙበት ቦታ ላይ በማውሱ ቀኝ ክሊክ፣ ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዛ የእስር ቤቱን ግቢ በጣም ቅርብ የሆነውን ጫፍ ንኩ። ህንጻውን አይደለም፣ ግቢውን። የእስር ቤት መሬት ከሽቦው አልፎ ሜዳና ፓርኪንግ ሁሉ ሊያካትት ይችላል፣ የካውንቲው የመሬት ካርታ ላይ ድንበሩ ተስሎ ይገኛል። 2,000 ጫማ ወጣ እንበል።

አሁን አፑ ውስጥ ሴፍቲ ሚለው ጋ ግቡና የርቀት ጣሪያውን ከ2,000 በጣም ዝቅ አድርጉት፣ እኔ ብሆን 1,000 ላይ ነው ማደርገው። ይሄ ቁጥር ድሮኑ በተነሳበት ቦታ ዙሪያ የሚሳል ክብ ነው፣ ድሮኑ ከዛ አያልፍም። በተለይ አክቲቭ ትራክ ለምትጠቀሙ። የሙሽሮቹን መኪና እንዲከተል አዛችሁት፣ መኪናው አስፋልቱን ይዞ ወደ ጄይሉ አቅጣጫ ከታጠፈ ድሮኑም ይታጠፋል፣ እሱ መኪናውን እንጂ ከታች ያለውን ህንጻ አያውቅም። የርቀት ጣሪያ ካለው ግን ክቡ ጫፍ ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ ሪተርን ቱ ሆም። ባትሪ ሲያልቅ ወይ ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ ወደ ሆም ፖይንቱ (ቤቴ ብሎ ወደመዘገበው መነሻ ቦታ) ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ነው ሚመለሰው፣ በመሀል እስር ቤት ካለ በላዩ ያልፋል። ስለዚ እናንተ ባላችሁበትና ድሮኑ በሚደርስበት ቦታ መሀል እስር ቤቱ በፍጹም መግባት የለበትም። እስር ቤቱ ሁሌ ከጀርባችሁ ይሁን፣ ከፊታችሁ ወዳለው አቅጣጫ አብሩ። ሆም ፖይንቱ በትክክል መመዝገቡንም ሳታዩ አትነሱ። ጂፒኤስ ሳይዝ በጥድፊያ የተነሳ ድሮን ቤቱ የት እንደሆነ አያውቅም፣ ወይ ደሞ በኋላ መንገድ ላይ ሲይዝ ያለበትን ቦታ ቤቴ ይላል። «ሆም ፖይንት አፕዴትድ» ሚለውን ድምጽ ስሙ፣ ካርታው ላይ ያለችውን ምልክት እዩ፣ ከዛ ነው መነሳት።

ንፋስ ደሞ አለ። ሚኒ 3 ፕሮና ሚኒ 4 ፕሮ ሚቋቋሙት በሰከንድ 10.7 ሜትር ድረስ ነው፣ በሰዓት ወደ 24 ማይል ማለት ነው። መሬት ላይ ቀሚስ ሚያወዛውዝ ንፋስ 300 ጫማ ላይ ሌላ ነገር ነው። ንፋሱ ከናንተ ወደ እስር ቤቱ ሚነፍስ ከሆነ ድሮኑ ሲሄድ ይሮጣል፣ ሲመለስ ባትሪው ያልቃል፣ ባትሪው ሲሟጠጥ ደሞ ያለበት ቦታ ላይ ያርፋል። እንደዚህ አይነት ቀን ከሆነ ከፍታውን 100 ጫማ አካባቢ ያዙት ወይም በቃ ተዉት፣ ጂምባል (በእጅ ሚያዝ የካሜራ ማረጋጊያ) ይዛችሁ ሮጡ፣ የማንም ሰርግ ድሮን ስላልተነሳ አልቀረም።

6ኛ፦ ቀድሞ መደወል

ከግማሽ ማይል በታች ከሆናችሁ፣ ህጉ ባያስገድድም ደውሉ። የካውንቲ ጄይል አብዛኛውን ጊዜ በሸሪፉ ስር ነው፣ የአደጋ ጊዜ ባልሆነው ቁጥር ደውላችሁ ማን ጋ ኢሜይል ልላክ በሉ። ኢሜይሉ ላይ ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ ቀንና ሰዓቱን (ከስንት እስከ ስንት)፣ ምትቆሙበትን አድራሻ፣ ከፍታውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የድሮኑን ሴሪያል ጻፉ፣ ካሜራው ወደየት አቅጣጫ እንደሚዞርም። መልሱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ይሄ ግን ማሳወቅ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ስቴቱ የጽሁፍ ፈቃድ ሚጠይቅ ከሆነ ያለ ዋርደኑ (የእስር ቤቱ ኃላፊ) ወረቀት «ስልክ ያነሳችው ልጅ እሺ ብላኛለች» ማለት አይሰራም።

በእለቱ ጠዋት ካርታዎቹን እንደገና እዩ፣ ጊዜያዊ እገዳ ሌሊት ሊወጣ ይችላል። አጠገባችሁ ድሮኑን በአይኑ ብቻ ሚከታተል አንድ ሰው አቁሙ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ይሁን፣ ስልኩን ግን ይስጣችሁ።

ፖሊስ ከመጣ አሳርፉ፣ ሰርተፍኬትና መታወቂያ አሳዩ፣ ሲጠየቅ ማሳየት ግዴታችሁ ነው። ኢሜይሉን አሳዩ። በቃ።

7ኛ፦ ከገባስ? ከወደቀስ?

ሳታስቡት ድንበሩን ካለፈ ወዲያው በመጣበት መልሱት፣ ላጣራ ብላችሁ እዛው አታንሳፍፉት። ግቢው ውስጥ ከወደቀ ወደ አጥሩ አትጠጉ፣ ላምጣ ብላችሁ በር ላይ አትሂዱ፣ መጀመሪያ ዋናው ቁጥር ላይ ደውሉና የት እንደቆማችሁ ንገሯቸው። ቪዲዮውንም የበረራ ሎጉንም አታጥፉ፣ ምንም እንዳልጣላችሁ ሚያሳይላችሁ እሱ ነው። እነሱ ሳይሰሙ አጥፍታችሁ ከተገኛችሁ ግን ለምን አጠፋህ ነው ሚመጣው።

ብዙ ሰው ማያውቀው አንድ ነገር ደሞ አለ። ናሳ ሚያስተዳድረው ኤኤስአርኤስ የሚባል የበረራ ደህንነት ሪፖርት አለ፣ ድሮን አብራሪም ይጠቀምበታል። ሆነ ብላችሁ ያላደረጋችሁት ጥፋት ከሆነና በ10 ቀን ውስጥ ከሞላችሁት ኤፍኤኤ ጥፋቱን ቢያገኘውም ቅጣቱን ሊተውላችሁ ይችላል። ወንጀል ላይ አይሰራም፣ ነጻ ነው፣ ሙሉት።

እስር ቤት አጠገብ ምትኖሩና የሰው ድሮን ማታ ማታ ምታዩ ካላችሁ፣ ሰዓቱንና ከየት እንደመጣ መዝግባችሁ ደውሉ። መተኮስ ምናምን አታስቡ፣ በፌዴራል ህግ ድሮን እንደ አውሮፕላን ነው ሚቆጠረው። ጠባቂዎቹ ራሳቸው ለብዙ ጊዜ ሲግናል ማቋረጥ እንኳን አይፈቀድላቸውም ነበር፣ በዲሴምበር 2025 የወጣው የመከላከያ ህግ ነው ስልጠና ለወሰዱ የስቴትና የካውንቲ ማረሚያ ቤቶች በሩን የከፈተው። ስለዚ ከዚህ በኋላ ድሮናችሁን ሊያወርዱባችሁም ይችላሉ።

8ኛ፦ ድሮን ማዋስና መሸጥ

ሰው ድሮን ሲዋስ «ለምንድነው» ብሎ መጠየቅ በኛ ባህል ትንሽ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ጠይቁ። ከዛሬ ነገ የተያዘ ድሮን ሴሪያሉ ሲታይ ስሙ የናንተ ነው። ስትሸጡም እንደዛው፣ ድሮንዞን የሚባለው የኤፍኤኤ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ምዝገባውን ሳትሰርዙ፣ አፑ ውስጥም አካውንታችሁን ሳትነቅሉ ድሮኑን አትስጡ። የገዢውን መልእክትና ቀኑን አስቀምጡ። እስር ቤት ውስጥ ዘመድ ኖሮት «ትንሽ እቃ ብቻ» ሚላችሁ ሰው ከመጣ ይሄ የድሮን ህግ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ አያዋጣም።

ለንደን ላላችሁ

እዛ ነገሩ ቀለል ያለ ነው፣ ህጉ አንድ ስለሆነ። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2024 ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ዝግ በሆኑ እስር ቤቶችና የወጣት ማረሚያዎች 400 ሜትር ዙሪያ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ። እቃ ለማስገባት ከሆነ እስከ 10 ዓመት እስር። ችግሩ የለንደን እስር ቤቶች መኖሪያ ሰፈር መሀል መሆናቸው ነው። ፔንተንቪል ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ነው፣ የኛ ምግብ ቤቶች ባሉበት መንገድ፣ 400 ሜትር ስትለኩ ስንት ሰው ጓሮ ውስጥ እንደሚገባ አስቡት። ብሪክስተን፣ ዋንድስዎርዝና ወርምዉድ ስክራብስም እንደዛው ናቸው። የግድ እዛ ውስጥ መቅረጽ ያለበት ሰው የእስር ቤት አገልግሎቱን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የራሴ ግቢ ነው ሚለው አያስኬድም።

ደሞ ድሮኑን ይዤ ለእረፍት ሀገር ቤት ልግባ ለምትሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ገና ከኤርፖርት ነው ሚጀምረው። የኢንሳ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይይዙታል፣ ስለዚ ፈቃዱን ከመጓዛችሁ በፊት ጨርሱ ወይም ድሮኑን ቤት ተዉት።